ካይሜራኤክስ በባሕር ዳር ላፕቶፕ ላይ፦ የሄፓታይተስ ቢን ቅርፊት ለማየት ምን ያህል ያገለግላል?

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ፔዳ ይሁን ጥበበ ግዮን፣ ቫይሮሎጂ የሚማር ሰው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የፕሮቲን ቅርፊት (ካፕሲድ) መጀመሪያ የሚያየው ሃንድአውት ላይ ነው። ሃንድአውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ጠቁሯል፤ ሥዕሉ ቫይረስ ይሁን የተቆላ ቡና ለመለየት ያስቸግራል። ካይሜራኤክስ ያንን ጥቁር ክብ ወደ 240 የፕሮቲን ሰንሰለት ፈትቶ፣ እያገላበጠ የሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሠራው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለትምህርትና ለንግድ ላልሆነ ምርምር በነጻ ይወርዳል፤ የሚጠበቀው የፈቃድ ስምምነቱን መቀበል ብቻ ነው። እዚህ የምንመዝነው አራትና ስምንት ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚሄድበትና ኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ልክ ነው። ነጥቡ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿ የተቀነሰችው ፕሮግራሙ ስለማያሳየው ነገር አንዳች ስለማይናገር ነው፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

መጫኛው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። ቀን በሞባይል ዳታ ከመጀመር የካምፓስ ዋይፋይ ወይም የሌሊት ጥቅል ይሻላል፤ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ዳውንሎድ ማኔጀር መያዝም ያዋጣል። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። የመጀመሪያው እንቅፋት ግራፊክስ ነው፤ ኦፕንጂኤል የተባለውን የሥዕል መሣያ ሥርዓት፣ ቨርዥን 3.3 ይፈልጋል። ከፍቶ ጥቁር መስኮት ብቻ ካሳየ ወይም ስለ ኦፕንጂኤል የስህተት መልእክት ካወጣ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው። ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ዊንዶውስ በሰጠው ጠቅላላ የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ የኢንቴሉን ወይም የኤንቪዲያውን ትክክለኛ ድራይቨር ከአምራቹ አውርዶ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ላፕቶፑ በጣም ካረጀ ድራይቨርም አያድነው።

ፕሮግራሙ ብቻውን ባዶ መስኮት ነው። ይዘቱ የሚመጣው የፕሮቲን ቅርጾች ከሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰባት የፕሮቲን ቅርጾች ተጀምሮ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ይዟል፤ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ለማንም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ አራት ፊደልና ቁጥር የያዘ መለያ አለው። ለሄፓታይተስ ቢ ቅርፊት የምንመክረው 1ኪውጂቲ የተባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ፣ ማለትም የፕሮቲኑን ክሪስታል በኤክስሬይ በመመርመር የታወቀ ነው፤ የጥራት ደረጃው 3.3 አንግስትሮም (ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል)። ከዚያ በኋላ የወጡ ቅርጾች አሉ፤ ለጀማሪ ግን ይህ ይበቃል፤ ፋይሉም ቀላል ነው።

ትዕዛዞች የሚጻፉት ከመስኮቱ ግርጌ ባለው መስመር በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የምናስቀምጠው ድምፃቸውን ነው። «ኦፕን 1ኪውጂቲ» ተብሎ ኢንተር ሲመታ ፋይሉ ከኔት ይወርድና ይከፈታል። ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ደካማ ኔትም ይችለዋል። የወረደው ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ በፕሮግራሙ ስም በተከፈተ ፎልደር ስለሚቀመጥ፣ በማግሥቱ ያው ትዕዛዝ ያለ ኔት ይሠራል። ለባሕር ዳር ተጠቃሚ ከፕሮግራሙ ባሕርያት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር የሚያስፈልገውን አሥር ቅርጽ በአንድ ሌሊት አውርዶ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ቫይረሱ አይደለም። አራት ሰንሰለት ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆምና ምስሉን አስቀምጦ «የሄፓታይተስ ቢ ካፕሲድ» ብሎ አሳይመንቱ ላይ ይለጥፋል። አራቱ ሰንሰለቶች የቅርፊቱ አንድ ስልሳኛ ናቸው። ቅርፊቱ የተመጣጠነ ስለሆነ ፋይሉ የሚይዘው አንዱን ቁራሽና ቁራሹ 60 ጊዜ እንዴት እየዞረ እንደሚቀመጥ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡን ሥራ ላይ የሚያውለው ትዕዛዝ «ሲም #1 አሴምብሊ 1» ይባላል። በሰከንዶች ውስጥ አራቱ 240 ይሆኑና ቀንዳም ኳስ ስክሪኑን ይሞላዋል። ኳሱ ከስክሪኑ ካለፈ «ቪው» ማለት ይሰበስበዋል።

ከሲም በፊት «ከለር ባይቼይን» ተብሎ ሰንሰለቶቹ በየቀለማቸው ቢቀቡ ትምህርቱ ራሱ ይወጣል። የኤ ቀለም ያላቸው ሰንሰለቶች አምስት አምስት ሆነው ቀለበት ሠርተዋል፤ ኳሱን እያዞሩ ቢቆጥሩ ቀለበቶቹ 12 ናቸው። ቢ፣ ሲ እና ዲ ደግሞ ሁለት ሁለት እየሰጡ ስድስት ስድስት ሆነው ይከባሉ፤ እነሱ 30 ናቸው። 12 በአምስት 60፣ 30 በስድስት 180፤ ድምሩ 240። ባለ ስድስት ጎን ብቻ ቢደረደር እንደ ማር እንጀራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አጥፎ ኳስ የሚያደርገው ባለ አምስት ጎኑ ነው፤ ለመዘጋትም የግድ 12 ያስፈልጋል። የድሮው ጥቁርና ነጭ የእግር ኳስም ጥቁሮቹ 12፣ ነጮቹ 20 ናቸው። ተመራማሪዎቹ ካስፓርና ክሉግ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የቲ ቁጥር ሰንሰለቶቹ የ60 ስንት እጥፍ እንደሆኑ ነው የሚናገረው፤ የእግር ኳሱ ቲ 3፣ የእኛ ቅርፊት ቲ 4። ፕሮግራሙ ባዶ የሽቦ ጎጆም ይሠራል፤ «ኤችኬኬጅ 1 1» የእግር ኳሱን፣ «ኤችኬኬጅ 2 0» የቲ 4ን። ለመምህር ይህች ትዕዛዝ ብቻዋን የአንድ ክፍለ ጊዜ ማስረጃ ናት።

ሄፓታይተስ ቢ ሁለቱንም መጠን ይሠራል። አብዛኛው ቲ 4 ሲሆን 120 ቀንድ አለው፤ ጥቂቱ ቲ 3 ነው፤ 180 ሰንሰለትና 90 ቀንድ። ቀንዱን ለማየት ወደ አንዱ ጠጋ ማለት ነው። ሁለት ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው እንደ ወረንጦ የታጠፈ ጥንድ ጥምዝ ያወጣሉ፤ ሁለቱ ወረንጦዎች ተደጋግፈው ባለ አራት ዘንግ ምሰሶ ይሆናሉ። የምሰሶው ጫፍ ላይ ያሉትን አሚኖ አሲዶች «ሰሌክት #1:78-82» ብሎ መርጦ ቀይ መቀባት ይገባል፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ሲም 240 ሰንሰለት ሲያሳይ ላፕቶፑን የማያንቀው አተሞቹን ስለማይገለብጥ ነው። ራም ውስጥ ያለው አሁንም የአራቱ ሰንሰለት አምስት ሺህ የማይሞላ አተም ነው፤ የቀረው ምስሉን 60 ቦታ መሳል ነው። በአራት ጊጋባይት የሚሠራውም ለዚህ ነው። መዘዙ ግን አለ፤ በአንዱ ቁራሽና በጎረቤቱ መካከል ርቀት ለመለካት ሲሞከር አይሳካም፤ ጎረቤቱ ምስል እንጂ የራሱ አተም የለውማ። መለካት የግድ ከሆነ «ሲም #1 አሴምብሊ 1 ኮፒስ ትሩ» ይባላል። ያን ጊዜ ከሩብ ሚሊዮን በላይ እውነተኛ አተም ይፈጠራል፤ ስምንት ጊጋባይት ይሸከመዋል፤ አራቱ ግን ያቃስታል፤ ብሮውዘሩን ዘግቶ መሞከር ይሻላል።

የላይ ገጽታ ሲሠራም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በአራቱ ሰንሰለት ላይ «ሰርፌስ #1 ሬዞሉሽን 8»፣ ከዚያ ሲም። ገልብጦ ከተሠራ፣ በተለይ ኮፒስ ትሩ ተብሎ ከነበረ፣ ፕሮግራሙ 240 ገጽታ አንድ በአንድ ማስላት ይጀምርና ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በሚያዝያ ሙቀት ላፕቶፑን አልጋ ላይ አስቀምጦ ይህን መሞከር ማሽኑን መቅጣት ነው።

መብራት ሊሄድ እንደሚችል እያሰቡ መሥራት ልማድ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ሥራውን በራሱ አያስቀምጥም። በየደረጃው ሥራውን እንዳለ የሚይዘውን ሴሽን ፋይል ማስቀመጥ፣ ትዕዛዞቹንም በቅደም ተከተል በኖትፓድ መያዝ ይገባል። ከሁለቱ የበለጠ የሚያድነው ኖትፓዱ ነው። ሴሽን ፋይል ሊከብድ ይችላል፤ አዲስ ቨርዥን ላይ የተሠራውም አሮጌው ላይ ላይከፈት ይችላል። አሥር መስመር ትዕዛዝ ግን የትም ማሽን ላይ ተገልብጦ ሥዕሉን እንደገና ያወጣል።

ለኅትመት ሲሆን ጥቁሩን ዳራ መቀየር ነው፤ «ሴት ቢጂከለር ዋይት»። ጥቁር ዳራ የኅትመት ቤቱን ቶነር ይጨርሳል። ጣና ዳር ካፌ ተቀምጦ ለሚሠራም ነጩ ይሻላል፤ ጥቁሩ ስክሪን ከቫይረሱ ይልቅ የሐይቁን ነጸብራቅና የተጠቃሚውን ፊት ነው የሚያሳየው። በጥቁርና ነጭ የሚታተም ከሆነ «ግራፊክስ ሲልሁዌትስ ትሩ» የጠርዝ መስመር ይጨምራል፤ ቀንዶቹ ተለይተው ይወጣሉ። «ላይቲንግ ሶፍት» የሚለው ጥላ ያማረ ነው፤ ከብዙ አቅጣጫ ጥላ ስለሚያሰላ ግን ደካማ ግራፊክስ ላይ ኳሱን ማዞር ያስቸግራል። በሥራ ሰዓት «ላይቲንግ ሲምፕል»፣ ምስሉ ሊቀመጥ ሲል ብቻ ሶፍት። ሲቀመጥም ስፋቱን 2000፣ ሱፐርሳምፕሉን 3 ብሎ መስጠት ይገባል፤ ዝም ካሉት የመስኮቱን መጠን ይወስድና ፓወርፖይንት ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። የአማርኛ ስያሜዎቹን እዚያው ፓወርፖይንት ላይ መጨመር ይቀላል።

የሚዞር ቪዲዮ ለሚፈልግ አራት መስመር ይበቃል፤ «ሙቪ ሪኮርድ»፣ «ተርን ዋይ 2 180»፣ «ዌት 180»፣ «ሙቪ ኢንኮድ» ከፋይሉ ስም ጋር። ሁለት ዲግሪ በ180 ፍሬም ሙሉ ዙር ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሰባት ሰከንድ ግድም ይሆናል። ዌት የሚለውን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ቪዲዮ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው፤ ኳሱ መዞር ሳይጀምር ቀረጻው ያልቃል። ከዚህ የበለጠ የተለመደ ስህተት የለም።

ልኬት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ የሚለካው በአንግስትሮም ነው፤ አሥር አንግስትሮም አንድ ናኖ ሜትር። የቲ 4 ቅርፊት ከቀንድ ጫፍ እስከ ቀንድ ጫፍ 360 አንግስትሮም አካባቢ ነው፤ ይህ 36 ናኖ ሜትር እንጂ 360 ናኖ ሜትር አይደለም። ሁለተኛው፣ ርቀትን እስከ ሦስተኛ ዲሲማል ይጽፋል፤ 3.127 የሚል ነገር ይወጣል። በ3.3 አንግስትሮም ጥራት የተገኘ ቅርጽ እስከዚያ ድረስ አይታመንም፤ ሃይድሮጅን አተሞቹ እንኳ አልታዩም። ሪፖርት ላይ አንድ ዲሲማል ይበቃል፤ የሃይድሮጅን ቦንድ አለ ብሎ ለመከራከርም ይህ ፋይል አይመችም።

ግማሽ ነጥብ ያስቀነሰው ጉዳይ ይህ ነው። ኳሱ ሲዞር ሙሉ ቫይረስ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቅርፊቱን የሚሠራው፣ ኮር የሚባለው ፕሮቲን ርዝመቱ በተለመደው ዓይነት 183 አሚኖ አሲድ ሲሆን ለክሪስታሉ የተሠራው 149ኙ ብቻ ነው። የተቆረጠው ጭራ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛበትና የቫይረሱን አርኤንኤ የሚይዘው ክፍል ነው። ውስጡ ባዶ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ አርኤንኤው ቅርፊቱ ውስጥ ወደ ዲኤንኤ ስለሚገለበጥ፣ በእውነተኛው ቫይረስ ውስጥ 3,200 ቤዝ ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ውጪውም የለም። ሰው የሚያጠቃው ሙሉ ቅንጣት 42 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ በ36 እና በ42 መካከል ያለው ልዩነት የስብ ሽፋኑና እሱ ላይ የተተከለው የወለል ፕሮቲን ነው።

ለላብራቶሪ ተማሪ ይህ ልዩነት የዕለት ሥራው ነው። በሆስፒታል የምርመራ ካርዱ ላይ መስመር የሚያወጣው የወለል አንቲጂን ነው፤ 1ኪውጂቲ ውስጥ አንድም አተሙ የለም። ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ያለውም ያው የወለል ፕሮቲን ነው። ቀደም ሲል ቀይ የቀባነው የቀንድ ጫፍ ግን ፀረ ኮር አንቲቦዲ በዋናነት የሚያርፍበት ቦታ ነው። እንግዲህ የተከተበ ሰው ደም ውስጥ ፀረ ወለል አንቲቦዲ ብቻ የሚገኘው፣ ቫይረሱ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ግን ፀረ ኮሩንም የሚይዘው ለምን እንደሆነ ስክሪኑ ላይ በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ክትባቱ ውስጥ ይህ ቀንድ የለማ። ፕሮግራሙ ይህን አይናገርም። መምህሩ ወይም የባንኩ ገጽ ላይ ያለው ማብራሪያ ካልተናገረ ተማሪው ኮሩን ይዞ ስለ ክትባቱ ሲያብራራ ይውላል።

አማራጮችን በአጭሩ። ሞልስታር በፕሮቲን ዳታ ባንክ ገጽ ላይ በብሮውዘር የሚከፈት ነው፤ ስልክ ላይም ይሠራል፤ ከመጀመሪያውም ሙሉውን ኳስ ስለሚያሳይ የአራቱ ሰንሰለት ስህተት አይፈጠርም። ኔት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ለኅትመት የሚሆን ምስል ለማውጣትም እንደ ካይሜራኤክስ አይመችም። ለአንድ ጊዜ እይታ ሞልስታር፣ ለሴሚስተር ሥራ ካይሜራኤክስ።

ከሄፓታይተስ ቀጥሎ ኤችአይቪን ማየት ሁሉም ይፈልጋል። ሙሉው የኤችአይቪ ካፕሲድ 3ጄ3ኪው ይባላል፤ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ሲሆን 216 ባለ ስድስትና 12 ባለ አምስት ቀለበት፣ በድምሩ 1,356 ሰንሰለት ይዟል። ባለ አምስቱ እዚህም 12 ነው። የተመጣጠነ ስላልሆነ ግን በአንድ ቁራሽና በሰንጠረዥ ማሳጠር አይቻልም፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አተም እንዳለ ይጫናል። አራት ጊጋባይት ላይ አይሞከር። የድሮው የፒዲቢ ፋይል ዓይነት ከ99,999 አተም በላይ ስለማይችል የሚገኘው ኤምኤምሲአይኤፍ በተባለው አዲሱ የፋይል ዓይነት ብቻ ነው፤ አሮጌ ሶፍትዌር የያዘ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚለው ለዚህ ነው። የክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካርታ (ከቀዘቀዘ ናሙና የተነሣ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ለሚከፍትም ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በየጎኑ 512 ነጥብ ያለው ካርታ በአራት ባይት ሲባዛ ብቻውን 512 ሜጋባይት ይበላል፤ «ስቴፕ 2» ማለት በየጎኑ አንድ አንድ ነጥብ እየዘለለ ስለሚያነብ ወደ 64 ያወርደዋል፤ ዝርዝሩ ይቀንሳል እንጂ ቅርጹ ይታያል።

ስሪዲ ፕሪንተር ያገኘ መምህር ኳሱን ፕሪንተሩ በሚያነበው የኤስቲኤል ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። የኤስቲኤል ፋይል መለኪያ ስለሌለው የፕሪንተሩ ሶፍትዌር አንዱን አንግስትሮም አንድ ሚሊ ሜትር ብሎ ያነበዋል፤ 36 ሳንቲ ሜትር ኳስ ይወጣል። ወደ 30 ፐርሰንት ሲቀነስ 10.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከእውነተኛው ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ሰርፌሱ በሬዞሉሽን 8 ወይም 10 ይሠራ፤ ከዚያ የረቀቀ ከሆነ ሰንሰለቶቹ በደንብ ሳይነካኩ ይቀሩና ኳሱ እጅ ላይ ሊፈርስ ይችላል። ደግሞም ለሁለት ተከፍሎ፣ የተቆረጠው ፊት ወደ ታች ሆኖ ቢታተም ድጋፉ ያንሳል፤ ቀንዶቹ ድጋፍ ሲነቀል አይሰበሩም፤ ዲኤንኤው የሚቀመጥበት ባዶ ቦታም ጣት ይገባበታል።